አራት ደቂቃ አልጋው ዳር፦ የባልደረቦቻችንን የጡት ማጥባት እውቀት እንዴት እንፈትሽ፣ እንዴት እናሟላ

ማዋለጃ ክፍል የሚሠራ ማንኛውንም ባለሙያ «ሕፃን እስከ ስንት ወሩ የእናት ጡት ብቻ ይጠባል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ስድስት ወር» ይላችኋል፤ ሳያስብ። «መቼ ይጀምር?» «በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ።» እሱንም ያውቃል። ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ በሬዲዮ ይነገራል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ቤት ለቤት ስትዞር ትለዋለች።

ከዚያ ያንኑ ባለሙያ ይዛችሁ ትናንት ማታ ወደ ወለደች እናት አልጋ ሂዱ። ልጁ ጡቱን ይይዝና ይለቃል፣ ያለቅሳል። እናትየው በላብ ተጠምቃለች። አማቷ ከጎን ሆና «ኧረ ወተት የላትም» ትላለች። አሁን ባልደረባችሁን «ምን ይታይሃል?» በሉት። ብዙዎቻችን ዝም የምንለው እዚህ ጋ ነው።

እኔማ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመት ለአንዲት አራስ ለቶንሲል አሞክሳሲሊን ታዘዘላት። «መድኃኒቱን እስክትጨርሺ እንዳታጠቢው» አልኳት። ሳምንት ሙሉ አላጠባችውም። ስትመለስ ልጁ ጡጦ ለምዷል፣ ወተቷም ቀንሷል። አሞክሳሲሊን እየወሰደች ማጥባት እንደምትችል ያወቅኩት በኋላ ነው። ያልኳትን ነገር ማን እንዳስተማረኝ እስካሁን አላስታውስም። ያረመኝም ሰው አልነበረም።

በ2016 (እ.ኤ.አ.) የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ከ100 ሕፃናት 73ቱ በመጀመሪያው ሰዓት ጡት እንደሚጀምሩ ያሳያል። ስድስት ወር ካልሞላቸው ውስጥ ጡት ብቻ የሚጠቡት ግን 58ቱ ናቸው። መጀመሩ ላይ ከሞላ ጎደል ደህና ነን። የምንሸነፈው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጡቱ ሲቆስል፣ ልጁ ሌሊቱን ሲያለቅስ፣ እናትየው «አልበቃውም» ስትል። ያን ጊዜ ፖስተር አያድናትም። የምታውቅ ባለሙያ ነው የምታስፈልጋት።

ይህ መመሪያ የማዋለጃና የድህረ ወሊድ ክፍል ለምትመሩ፣ ወይም በጤና ጣቢያ ባልደረቦቻችሁን ለምታሠለጥኑ ነው። በጀት አይጠይቅም። አንድ ወንበር፣ ጥቂት ካልሲና አንድ ወር ገደማ ይበቃል።

ደረጃ 1፦ ፈተና ከማዘጋጀታችሁ በፊት ተመልከቱ

የተለመደው ሃያ ጥያቄ አትሞ ማደል ነው። እሱ ይቆይ። ወረቀት ላይ ሁላችንም ጎበዝ ነን።

ለአንድ ሳምንት በየዱቲው አንድ ወይም ሁለት ባልደረቦች እናት ሲያግዙ ራቅ ብላችሁ እዩ። እንደ ተቆጣጣሪ አትቁሙ። ቻርት እየሞላችሁ፣ ሌላ ሥራ እንደያዘ ሰው ሆናችሁ እዩ። ሦስት ነገር ብቻ መዝግቡ፦

ሀ) ቁጭ አለች ወይስ እንደቆመች ነው ያገዘችው?
ለ) ልጁ ሲጠባ ስንት ደቂቃ ተመለከተች?
ሐ) ምክር ከመስጠቷ በፊት እናትየውን ምን ጠየቀቻት?

ሁለተኛውን በሰዓት ያዙት። አይኤምኤንሲአይ የምንለው የሕፃናት ሕመም አያያዝ ቻርት ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን ሲጠባ 4 ደቂቃ ተመልከቱ ይላል። ባለፈው አንድ ሰዓት ውስጥ ጠብቶ ከሆነ ደግሞ፣ እናትየው እንድትቆይና ልጁ ሲፈልግ እንድትጠራችሁ ጠይቋት ይላል። አራት ደቂቃ ስትሰሙት ትንሽ ነው። ዱቲ ላይ ሆናችሁ ሞክሩት፤ አያልቅም። እኔ በያዝኩት ሰዓት አንድ ደቂቃ የሞላ ባልደረባ ማግኘት ከብዶኝ ነበር፤ ራሴንም ጨምሮ።

ብዙ ጊዜ የምታዩት ይህን ነው። ሲስተር ትመጣለች። በአንድ እጇ ጡቱን በሁለት ጣቶቿ መሀል ትይዛለች፣ በሌላው የልጁን ጭንቅላት ወደ ጡቱ ትገፋለች፣ «ይኸው ያዘ!» ብላ ወደሚቀጥለው አልጋ ታልፋለች። ጭንቅላቱን የገፉት ልጅ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ይታገላል። ከዚያ ቻርቱ ላይ «ጡት እምቢ ብሏል» ተብሎ ይጻፋል። ልጁ እምቢ ያለው እጃችንን ነው።

በዚህ ሳምንት ማንንም አታርሙ። ሕፃኑን የሚጎዳ ነገር ካላያችሁ በቀር መዝግቡና ዝም በሉ። ከባዱ ደረጃ ይሄ ነው።

ደረጃ 2፦ ጥቂት ጥያቄ፣ ግን የሚያስቸግር

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ1989 (እ.ኤ.አ.) ያወጧቸው ለተሳካ ጡት ማጥባት የሚረዱ 10 እርምጃዎች በ2018 (እ.ኤ.አ.) ተሻሽለዋል። ሁለተኛው እርምጃ በቀጥታ ስለ እኛ ነው፤ ባለሙያው ጡት ማጥባትን ለመደገፍ በቂ እውቀት፣ ብቃትና ክህሎት ይኑረው ይላል። መለኪያም አስቀምጠውለታል፦ ለእርጉዞች፣ ለወላዶችና ለጨቅላ ሕፃናት አገልግሎት ከሚሰጡት ባለሙያዎች ቢያንስ 80 በመቶው ከአራት ጥያቄ ሦስቱን በትክክል መመለስ አለባቸው። አራት ጥያቄ ብቻ። ስለዚህ ሃያ ጥያቄ አያስፈልጋችሁም።

«ስድስት ወር» የሚል መልስ ያለው ጥያቄ ግን አትጠይቁ። እኔ የምጠይቃቸው እነዚህን ነው። ሻይ ላይ፣ አንድ በአንድ፣ በቃል።

«ልጁ በስንት ሰዓቱ ይጥባ?» የሚመጣው መልስ «በየሦስት ሰዓቱ» ነው። ትክክለኛው ሲፈልግ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይሆናል፣ ሌሊቱንም ጨምሮ። መፈለጉ የሚታወቀው ደግሞ በለቅሶ አይደለም። መጀመሪያ ይነቃቃል፣ አፉን ይከፍታል፣ ጭንቅላቱን ያዞራል፣ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። ለቅሶ የመጨረሻው ነው፤ የሚያለቅስ ልጅ ጡት ለመያዝም ይቸገራል።

«አፋር ላይ ሙቀቱ 40 ሲገባ ትንሽ ውሃ ይጨመርለት?» አይጨመርለትም። ከእናት ወተት ውስጥ 87 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። በሙቀት ቀን ልጁ ቶሎ ቶሎ ይጥባ፣ ውሃውን እናትየው ትጠጣ።

«በኦፕራሲዮን የወለደችስ መቼ ትጀምር?» «ነገ፣ ስትነሳ» የሚል መልስ ትሰማላችሁ። ከወገብ በታች ብቻ ከደነዘዘች እዚያው ልጁን ደረቷ ላይ ማድረግ ይቻላል። ሙሉ ማደንዘዣ ከወሰደች ደግሞ ነቅታ ልጁን መያዝ ስትችል ወዲያው ትጀምራለች።

«ጡቱ መጀመሪያ ላይ መቁሰሉ ያለ ነው አይደል?» ይህን የምጠይቀው ሆን ብዬ እንዲህ አጣምሜ ነው። «አዎ፣ ይለመዳል» ያለ ሁሉ ደረጃ 3 ላይ በደንብ ይቀመጥ። መጠነኛ ስሜት ሊኖር ይችላል። የሚያስጮህ ሕመምና መሰንጠቅ ግን ብዙውን ጊዜ ልጁ በትክክል አለመያዙን ነው የሚነግረን።

«ሕፃኑ ቢጫ ሆኗል፣ ግሉኮስ እናጠጣው?» አናጠጣውም። ውሃና ግሉኮስ ቢጫነቱን አይቀንሱም፤ ሆዱን ሞልተው ከጡት ያዘናጉታል። አዘውትሮ ሲጠባ ሰገራው ይወጣል፣ ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢንም አብሮ ይወጣል። በመጀመሪያው 24 ሰዓት የታየ ቢጫነት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወዲያውኑ ለሐኪም።

«እርጉዝ ሆና ታላቁን ማጥባት ትችላለች?» እዚህ ላይ የባለሙያና የጎረቤት መልስ አንድ ዓይነት ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ «ወተቱ ይበላሻል» ይባላል። አይበላሽም። እርግዝናው ጤናማ ከሆነ፣ እናትየውም በደንብ ከበላች ማጥባት ትችላለች።

መልሶቹን ያለ ስም ቁጠሩ። ማን እንደተሳሳተ ሳይሆን የትኛው ጥያቄ እንደጣለን ለጥፉ።

ደረጃ 3፦ አያያዝን በዓይንና በእጅ አስተምሩ

ወሩን በሙሉ ለአንድ ነገር ብቻ ስጡ ብትሉኝ ለዚህ እሰጠዋለሁ። የቆሰለ ጡት፣ የተወጠረ ጡት፣ «አልጠግብ» የሚል ልጅ፣ «ወተት የለኝም» የምትል እናት፤ የአብዛኛው መነሻ አያያዝ ነው።

ካልሲ ውስጥ ጥጥ ሙሉና ጡት ሥሩ። ተረከዙ ላይ በእስክሪብቶ ክብ አድርጋችሁ በጡት ጫፍ ዙሪያ ያለውን ጥቁር ክፍል ሳሉ። ፎጣ ጠቅልላችሁ ሕፃን አድርጉ። ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። አራት አራት እየሆናችሁ አንድ ሰዓት ተለማመዱ።

መጀመሪያ አቀማመጡን አስጠኑ። ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው በአንድ መስመር ላይ ነው? ፊቱም ሆነ መላ ሰውነቱ ወደ ጡቱ ዞሯል? ሆዱ ከእናቱ ሆድ ጋር ተጣብቋል? ጭንቅላቱ ብቻ ሳይሆን ወገቡም ተደግፏል? አንገታችሁን ወደ ጎን አዙራችሁ ውሃ ለመዋጥ ሞክሩ። ጣሪያ እያየ አንገቱን ጠምዝዞ የሚጠባ ልጅ የሚሰማው ይሄው ነው።

ቀጥሎ አፉ። አራት ምልክት አለ። አፉ በሰፊው ተከፍቷል። የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል። አገጩ ጡቱን ነክቷል። ጥቁሩ ክፍል ከላይኛው ከንፈር በላይ በርከት ብሎ፣ ከታች ደግሞ ትንሽ ብቻ ይታያል። ባልደረባችሁ አራቱን ሳታይ «ይዟል» እንዳትል።

እንዲህ እንዲይዝ እንዴት ይደረጋል? የጡቱን ጫፍ ከአፍንጫው ትይዩ አድርጉ እንጂ አፉ ውስጥ አትክተቱ። በላይኛው ከንፈሩ ላይ ነካ ነካ ስታደርጉ ይጠብቃል፣ ከዚያ እንደሚያዛጋ ሰው አፉን ይከፍታል። ያን ጊዜ ልጁ ወደ ጡቱ ይምጣ፣ አገጩ ይቅደም። እናት ጎንበስ ብላ ጡቷን ወደ ልጁ ከወሰደች ማታ የጀርባ ሕመም ታወራላችኋለች።

ከያዘ በኋላ ጆሮ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይስባል። ወተቱ ሲለቀቅ አሳሳቡ ይረዝማል፣ ይዘገያል፣ መዋጡ ይሰማል፣ አልፎ አልፎ ያርፋል። ጉንጩ የሚሰረጉድና «ጨቅ ጨቅ» የሚል ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ አልያዘም። ሲጨርስ የጡቱን ጫፍ እዩት። ክብ ሆኖ ከወጣ ደህና። በአንድ ወገን እንደተላጠ እርሳስ ተጠፍጥፎ ከወጣ ይላቀቅና እንደገና ይጀመር። ሲላቀቅ አትጎትቱት፤ እናትየው ትንሿን ጣቷን በአፉ ጥግ ታስገባ።

አሁን ወደ አልጋው ሂዱ። አንድ ሕግ አውጡ፦ የመጀመሪያዎቹ አራት ደቂቃዎች የባለሙያዋ እጅ ኪሷ ውስጥ ነው። ቁጭ ትላለች፣ ታያለች። ከዚያ የሚስተካከል ካለ በቃል ትናገራለች፣ በካልሲው ታሳያለች፤ የምታስተካክለው እናትየው ናት። ቤቷ ስትገባ የእኛ እጅ አብሯት አይሄድማ።

በኦፕራሲዮን የወለደች በጎኗ ተኝታ ወይም ልጁን በብብቷ ሥር ይዛ ታጥባ፤ ቁስሉ አይነካም። መንታ ለወለደችም የብብት ሥሩ አያያዝ ይመቻል።

ደረጃ 4፦ በእጅ ማለብና በኩባያ ማጠጣት

ይህን በወረቀት የሚያውቁ ብዙ ናቸው። አድርጎ ማሳየት የሚችል ግን ጥቂት ነው። ልጁ ጨቅላ ክፍል ሲገባ፣ ጊዜው ሳይደርስ ሲወለድ፣ እናት ሥራ ስትመለስ፣ ጡት ሲወጠር፤ ሁሉም ጋ ያስፈልጋል።

እጅ በሳሙና ይታጠባል። አውራ ጣት ከላይ፣ ሌሎቹ ከታች፣ ከጫፉ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ። መጀመሪያ ወደ ደረት ይጫናል፣ ከዚያ ጣቶቹ ይቀራረባሉ፣ ከዚያ ይለቃል። ተጫን፣ ጨመቅ፣ ልቀቅ። ጣት ቆዳው ላይ አይንሸራተት፤ የጡቱን ጫፍም መሳብ የለም። የላም አስተላለብ የለመደች እናት ትስባለች፤ ልዩነቱን አሳዩዋት። መጀመሪያ ላይ ምንም ላይወጣ ይችላል። ደቂቃ ታግሣ ትቀጥል፣ ጣቶቿን በጡቱ ዙሪያ እያዞረች።

የመጀመሪያው ቀን እንገር በማንኪያ የሚለካ ነው። ይህን አስቀድማችሁ ካልነገራችኋት «ይኸው፣ ምንም የለኝም» ትላለች። የጨቅላው ሆድም ያን ያህል ትንሽ ነው፤ ተመጣጣኝ ናቸው።

ማጠጣቱ በኩባያ ይሁን። ልጁ ቀና ብሎ ይያዝ። የኩባያው ጠርዝ የታችኛውን ከንፈሩን ይንካ፣ ወተቱም ከንፈሩ ጋ ይድረስ። ከዚያ ጠብቁት፤ ራሱ ይልሰዋል። አፉ ውስጥ ማፍሰስ ክልክል ነው። ኩባያ ከጡጦ ይልቅ ለመታጠብ ቀላል ነው። በተለይ ውሃ በሚጠፋበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የታለበ ወተት ቀዝቀዝ ባለ ክፍል 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል ብላችሁ አስተምሩ።

ደረጃ 5፦ «ወተት የለኝም» ስትባሉ ቁጥር ጠይቁ

ይህ አረፍተ ነገር ከሁሉ በላይ ጡጦ አስገዝቷል። ባለሙያው «አይዞሽ ይመጣል» ብሎ ያልፋል፣ ወይም «እንግዲህ የቆርቆሮ ወተት ጀምሪ» ይላል። ሁለቱም ምርመራ አይደሉም።

ባልደረቦቻችሁ ሦስት ነገር እንዲቆጥሩ አስለምዱ። አንደኛ ሽንት። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት 6 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ መልኩ ነጣ ያለ። ሁለተኛ ሰገራ። ጥቁሩ ሰገራ በአራተኛ በአምስተኛ ቀን ወደ ቢጫ መቀየር አለበት። ሦስተኛ ሚዛን። ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት መቀነሱ የተለመደ ነው። 7 በመቶ ሲደርስ ቁጭ ብላችሁ አጠባቡን እዩ። 10 በመቶ ካለፈ ሐኪም ይየው። በሁለት ሳምንቱ ወደ ተወለደበት ክብደት መመለስ አለበት። 3,000 ግራም የተወለደ ልጅ 2,790 ሲሆን 7 በመቶ ቀንሷል ማለት ነው፤ 2,700 ሲሆን 10። ይህን ስሌት በስልካችሁ አብራችሁ ሥሩት፤ ብዙ ሰው በመቶኛ ሲባል ይደነግጣል።

የጡት መለስለስ፣ ጡቱ ትንሽ መሆኑ፣ ልጁ ማታ ማታ ደጋግሞ መጥባቱ ወተት ለማነሱ ማስረጃ አይደሉም። ወተቱ በብዛት የሚመጣው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ነው። በኦፕራሲዮን ለወለደችና ብዙ ደም ለፈሰሳት ሊዘገይ ይችላል።

ማነሱ ከተረጋገጠስ? አያያዙ ይስተካከል፣ ልጁ ደጋግሞ ይጥባ፣ ከጠባ በኋላ ትለብ። ጡት ባዶ በሆነ ቁጥር ይሠራል። ሰውነት የሚያዘው በፍላጎት ነው። በዚህም ካልሆነ ተጨማሪ ወተት በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። ያን ጊዜ እናትየውን አታሳፍሯት፤ አሠራሩን ለብቻዋ በደንብ አሳዩዋት። እንደ ወንጀለኛ ያየናት እናት ቀጥሎ የምትሄደው ሱቅ ነው፤ እኛ ጋ አይደለም።

ደረጃ 6፦ ከአያት ጋር መነጋገር ተለማመዱ

የአራስ ቤት አዛዥ ሲስተር አይደለችም፤ እማማ ናቸው። ስለዚህ ምክር ለእናትየው ብቻ ከሰጣችሁ ገና በሩ ላይ ትሸነፋላችሁ።

በየአካባቢያችሁ ያለውን ልማድ በስሙ እወቁት። እንገር «የቆየ ወተት ነው፣ ሆድ ያሳምማል» ተብሎ የሚፈስበት ቦታ አለ። ለጨቅላው ቅቤ የሚያልሱ፣ የአብሽ ውሃ ወይም ስኳር በውሃ የሚያጠጡ አሉ። ጡት የማይስብ ልጅ ሲገኝ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ ወደ ቆራጭ የሚወሰድበትም አለ። ይህ የመጨረሻው ለመድማትና ለኢንፌክሽን ይዳርጋል። ጡት የማይስብ ጨቅላ ደግሞ ራሱ የአደገኛ ሕመም ምልክት ስለሆነ፣ እንጥል ሲባል በጊዜ ካልሰማችሁ ልጁ ዘግይቶ ይመጣል።

እንዴት ትላላችሁ? «እንዳትሰጪው!» አትበሉ። በጨዋታ መልክ ተለማመዱት፤ አንዷ አያት ትሁን፣ አንዷ ሲስተር።

«እማማ፣ እንኳን ማርያም ማረችልዎ። እስቲ ልጅ ሲወለድ እናንተ ጋ መጀመሪያ ምን ይቀምሳል?»

«ቅቤ ነዋ ልጄ፣ አንጀቱን እንዲያለሰልስለት።»

«አንጀቱ እንዲለሰልስ ነው የፈለጉት። ይኸው ይሄ ቢጫው እንገር ያንኑ ይሠራለታል፤ ጥቁሩን ሰገራ ጠርጎ ያወጣል። ላሟ ስትወልድ ጥጃዋ መጀመሪያ ምን ትጠባለች?»

እማማ ይስቃሉ። ላም ያረባ ሰው ጥጃ እንገር ካልጠባች እንደማትጠነክር ያውቃል። ቅቤውን የሚወስዱበት ቦታም አሳዩዋቸው፤ የእናትየው ገንፎ ላይ። አጥሚቱ፣ ገንፎው፣ ሾርባው ሁሉ ለእናትየው ነው። የምታጠባ ሴት ከዘወትሩ በቀን ሁለት ጊዜ ጨምራ ትብላ። ጾም ላይ ከሆነች የንስሐ አባቷን እንድታነጋግር ምከሯት፤ ጾሟን እኛ አንከራከርም።

ደረጃ 7፦ መድኃኒትና ሕመም

በዚህ ላይ ባለሙያው ሲፈራ «አቁሚ» ማለት ይቀለዋል። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ግድግዳ ላይ አንድ ገጽ ለጥፉ።

ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን፣ አሞክሳሲሊን፦ እየወሰደች ታጥባ። የጡት ኢንፌክሽን፦ ከታመመውም ጡት ታጥባ፣ አንቲባዮቲክ ካስፈለገ ይታዘዝ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ ይደረግ፣ በኃይል ማሸት ይቅር። መግል ከቋጠረ ለሐኪም። ሄፓታይተስ ቢ፦ ልጁ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ይከተብ፣ ይጥባ። ቲቢ፦ እናት ትታከም፣ ልጁ በሐኪም ትእዛዝ መከላከያ ይውሰድ፣ ይጥባ። ኤችአይቪ፦ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ለ6 ወር ጡት ብቻ ትስጥ፣ ልጁም መከላከያውን ይውሰድ። ከዚያ በኋላ ያለውን ከኤአርቲ (የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና) ክፍሉ ጋር ተነጋገሩ። ጡትና ሌላ ነገር መቀላቀል በእነዚህ ስድስት ወራት አይመከርም።

የሚያስቆሙት ጥቂት ናቸው፦ የካንሰር ኬሞቴራፒ፣ ሬዲዮአክቲቭ አዮዲን፣ ጋላክቶሲሚያ (ሰውነቱ የወተት ስኳርን መጠቀም የማይችልበት የውርስ ሕመም) ያለበት ልጅ። ኮዴይንም ይወገድ። ኤስትሮጅን ያለበት የእርግዝና መከላከያ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይሰጥ፤ ሌላ ምርጫ አለ። ወር አበባዋ ያልተመለሰ፣ ልጇ ከ6 ወር በታች የሆነና ጡት ብቻ የምታጠባ ከሆነች ደግሞ ማጥባቱ ራሱ ወደ 98 በመቶ እርግዝናን ይከላከላል። ሦስቱም መሟላት አለባቸው፤ አንዱ ከጎደለ ሌላ መከላከያ።

ለቀሪው መድኃኒት ላክትሜድ የሚባል፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ የሚገኝ የመረጃ ቋት አለ። በስልክ ይከፈታል፣ ነፃ ነው። ባልደረቦቻችሁ ፊት ሁለት ሦስት መድኃኒት ፈልጉበት። «ቆይ ልይልሽ» ማለት ነውር እንዳልሆነ ኃላፊው ካላሳየ ሌላው አይለምደውም።

ደረጃ 8፦ ክፍሉን ራሱን ፈትሹ

ባለሙያው ቢያውቅም ክፍሉ የማያሠራው ከሆነ ከንቱ ነው። ጤነኛ ሕፃን ለመመዘንና ለመጠቅለል ተብሎ ከእናቱ ይርቃል? ሚዛኑ አንድ ሰዓት ይጠብቃል፣ ልጁ ከእናቱ ጋር ደረት ለደረት ይሁን። የዱቄት ወተት ስም ያለበት ካላንደር፣ እስክሪብቶ፣ ናሙና አለ? ከ1981 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለው ዓለም አቀፍ የጡት ወተት ምትኮች ግብይት ደንብ ይህን ይከለክላል። አውርዱት። ለእስክሪብቶው ማዘን አያስፈልግም፣ ድሮም አይጽፍም።

የራሳችንን እናቶችም አትርሱ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ነው። ስድስት ወር 180 ቀን ነው። በግል ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ ጠዋት ስለ ስድስት ወር ታስተምራለች፣ ከሰዓት መጸዳጃ ቤት ቆማ ጡቷን ታልባለች። የሚቆለፍ አንዲት ክፍልና ፍሪጅ ላይ አንድ መደርደሪያ ስጧት። እሷን ያያት ባልደረባ ከሁሉም ሥልጠና በላይ ይማራል።

ደረጃ 9፦ በወሩ እንደገና ቁጠሩ

የደረጃ 1ን ሦስት ነጥቦች እንደገና መዝግቡ። የደረጃ 2ን ጥያቄዎችም ቅደም ተከተላቸውን ቀይራችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ከተሻሻለና ደቂቃው ካልተሻሻለ ደረጃ 3ን ድገሙ። አዲስ ኢንተርን ወይም ነርስ ሲመጣ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ እናት አብራችሁት እዩ። በየሦስት ወሩ ደግሞ ከመውጣታቸው በፊት አምስት እናቶችን «ሲጠባ ቁጭ ብሎ ያየሽ ሰው ነበር?» በሏቸው። ከአምስቱ አራቱ «አዎ» ካሉ ቀጥሉበት።

ወንበሩ በየጊዜው ይጠፋል። ካርድ ክፍል ፈልጉት፤ ሁሌም እዚያ ነው የሚገኘው።